ስለ አረጋውያን ወላጆች ሀብት አጠባበቅ

አባትና እናት በሸመገሉ ጊዜ መሬታቸውንና ገንዘባቸውን ለሚጦራቸው ሰው ማስረከባቸው በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ልማዱም በመሠረቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ጉልበቱ የደከመ ሰው በሬ ጠምዶ ሊያርስ አይችልምና። ነገር ግን ጧሪ የተባለው ሰው ሀብቱን አስቀድሞ ተረክቦ መጦሩን የተወ እንደ ሆነ፥ ሽማግሌው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነው ይቀራሉ። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናሳስብ የወደድነው ይህንኑ ነው፤ ይልቁንም በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከወላጆቻቸው ርቀው ለሚኖሩት።

እንዲህ ያለውን በደል የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ባዕድ ሰው አይደለም። ለአብነት ከደሴ በስተ ሰሜን ያለውን የሐይቅንና የአምባሰልን አገር እንውሰድ። ከዚያ አካባቢ ብዙ ወጣቶች፥ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፥ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ፤ ከደመወዛቸውም ቀንሰው ለእናታቸው ይልካሉ። እናታቸው ማንበብ የማይችሉ እንደ ሆነ የባንኩን ደብተር የሚይዘው፥ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህም የስልኩን የምስጢር ቍጥር የሚያውቀው፥ ፊደል የቈጠረ የወንድም ልጅ ወይም ጎረቤት ነው። እርሱም «እትዬ፥ ይህን ያህል መጥቶልዎታል» ይላቸዋል፤ እርሳቸውም መርቀው ይቀበላሉ። የቀረውን የሚቈጥር ሰው የለም።

መሬቱም እንዲሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም፤ ስለዚህ ከሽማግሌ እጅ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በስጦታ፥ በኪራይና በኑዛዜ ስም ነው። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው በወረቀቱ ላይ ሲያሳርፉ የእኩል አራሽ ውል የመሰላቸው ነገር የስጦታ ውል ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አባቶቻችን ይህን ዐይነቱን አደጋ ያውቁት ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ታላቅ የትምህርት ስፍራ ባደረጉት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ በስማቸው የሚጠራ ወንጌል አለ፤ በዚያም የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦ ይገኛል። በሌሎች አድባራትም፥ በተለይ በጎንደር፥ የመሬት ሽያጭና ኑዛዜ የእማኞች ስም እየተጠራ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ላይ ይጻፍ ነበር። ጽሕፈቱን የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን ሰው ያወግዙት ነበር። (መፋቅን ለይተው መጥቀሳቸው፥ በዚያም ዘመን እንዲህ ያለ ሰው እንዳልታጣ ያስረዳል።) በእኛ አስተያየት ግን የሚጠብቀው ውግዘቱ ብቻ አልነበረም፤ ነገሩ በሰው ፊት መነገሩና ጽሕፈቱ ከወራሹ ሣጥን ውጭ መቀመጡም ጭምር ነው እንጂ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም በጽሕፈቱ ውስጥ ካልተጠቀሰ ፈራሽ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው የሆነ እንደ ሆነ ሁለት ይበቃሉ። ቤትን በስጦታ ለመስጠትም ይኸው ሥርዐት መፈጸም አለበት። ምስክር ሆኖ የቆመ ሰው በዚያው ኑዛዜ ድርሻ የተሰጠው እንደ ሆነ፥ ዳኛ ሊቀንስበት ወይም ሊሽርበት ይችላል።

እዚህ ላይ በኑዛዜና በስጦታ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ይገባል። ኑዛዜ፥ ተናዛዡ በሕይወት እስካሉ ድረስ ይሻራል፤ «አልሽርም» ብለው ቢፈርሙ እንኳ ቃሉ አያስራቸውም። ስጦታ ግን አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ ለመመለስ ብርቱ ችግር አለበት። ስለዚህ ጧሪያቸውን ለማመስገን የሚሹ ወላጅ በኑዛዜ ቢያመሰግኑት ይሻላል፤ እውነተኛ ጧሪም በዚህ አይከፋም። ውክልናም የሰጠው ሰው በፈለገ ጊዜ የሚሽረው ነው። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደርን ሥራ ብቻ ይሰጣል፤ ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፥ ተወካዩም ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህን ሳያውቁ «አንድ ጊዜ ፈርሜአለሁ» ብለው ዝም የሚሉ አረጋውያን ጥቂቶች አይደሉም።

ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው ይሉኝታው ነው። ባለሥልጣኑ ልጅ ለበዓል ጋቢና ቡና ይዞ ይመጣል፤ እናቱን በሰው መካከል «ደኅና ነዎት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እርሳቸውም የስልኩን ምስጢር የያዘው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ «ደኅና ነኝ» ይላሉ። ነገ ውሃ የሚቀዳላቸውን ሰው በምን አፍ ይክሰሱት? ስለዚህ ለብቻቸው ማነጋገር፥ ወደ ባንኩም አብሮ ሄዶ የሒሳቡን ዝርዝር በፊታቸው ማስነበብ ይገባል። በወሎ ደግሞ ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበር አለ፤ በብዙ መንደር የቅሬው ሰዎች ማን እንደ ታመመ፥ የማን ቤት ጢስ እንዳጣ ከሩቅ ልጅ አስቀድመው ያውቃሉ። እነርሱን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ምስክር ሲፈለግም ከእነርሱ መካከል የማይወርስ ሰው አይጠፋም።

የከተማውም ልጅ ራሱን ይመርምር። «ለእናቴ አስቤ ነው» እያለ ቤታቸውን ሳይወዱ አሽጦ ወደ ከተማ የሚያመጣቸው፥ ገንዘቡንም በራሱ ስም የሚያስቀምጠው፥ ከገጠሩ ዘመድ በምን ይሻላል? እርጅና ብቻውን ሰውን በሕግ ፊት ችሎታ አያሳጣውም፤ ሳይጠየቁ የሚሸጥላቸው ንብረት የተወሰደባቸው ንብረት ነው።

ሀብታቸውን አስቀድመው ላስረከቡት ወላጆችም መንገዱ ፈጽሞ አልተዘጋም። ስጦታ የተቀበለ ሰው፥ ሰጪው በተቸገሩ ጊዜ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ልጆችም ለተቸገሩ ወላጆቻቸው እንዲሁ ግዴታ እንዳለባቸው የቤተ ሰብ ሕግ ያዛል። ልጅን መክሰስ ለወላጅ መራራ ስለ ሆነ አስቀድሞ በሽማግሌ ይታያል፤ ሽማግሌዎቹም «ከእንግዲህ ይጡራቸው» ብለው መርቀው ከመነሣታቸው በፊት፥ በወር ስንት ብር፥ በመኸርም ስንት ቍና እህል እንደሚሰጥ ያጽፉ፤ አንዱንም ግልባጭ ለእናቲቱ ያስረክቡ።