«ማንም አልበደለውም»



አንደኛ ዓመት ሳለን ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። አንደኛው ከአፋር የመጣ ልጅ ነው። አማርኛ ይሰማል እንጂ እንደልቡ አይናገርም። ሱብሒ ላይ ከሁላችን ቀድሞ መስጂድ የሚደርሰው እሱ ነበር፤ ሶፍ ላይ ብዙ ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሰግደናል። ሚድ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ከክላስ ስንመለስ ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ ሎከሩ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ዊዝድሮው ሞልቶ ወደ አገሩ ሄዷል። ፕሮክተሩ መጥቶ «ምን ሆኖ ነው? የነካው ሰው አለ?» ሲለን፣ አምስታችንም በአንድ አፍ «ኧረ ማንም አልበደለውም!» አልን።

አልዋሸንም። የሰደበው የለም፤ ዕቃውን የነካበት የለም፤ በአነጋገሩ የሳቀበትም አላስታውስም። ግን ያቺ መልስ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም። ፕሮክተሩ ጥያቄውን ቀይሮ «ምን አደረጋችሁለት?» ቢለን ኖሮ የምንመልሰው አልነበረንም።

በቅርቡ አሁን አብረውኝ የሚኖሩትን ልጆች «የበደል ተቃራኒ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዱ «አለመበደል» አለ። ሌላው «ፍትሕ» አለ። ሦስተኛው ትንሽ አስቦ «መልካም መዋል» አለ። ሦስቱም ትክክል ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። እኔ የምለው፣ አብዛኞቻችን በመጀመሪያው መልስ ላይ ቆመን ቀርተናል ነው። «የማንንም ሐቅ አልበላሁም፣ ማንንም አልነካሁም» ካልን ዲናችንን የሞላን ይመስለናል። አለመበደል ብቻውን ግን ምንም ሥራ የለውም። የዶርማችን ግድግዳም ማንንም በድሎ አያውቅም።

የራሳችንን አማርኛ እንኳ ብናየው ይነግረናል። ሰውን ለገፋ ሰው ተቃራኒው ያልገፋ አይደለም፤ ያቀረበ ነው። ላንገላታ ተቃራኒው የተንከባከበ፣ ላዋረደ ተቃራኒው ያከበረ፣ ለጨከነ ተቃራኒው የራራ ነው። ማቅረብ፣ መንከባከብ፣ ማክበር፣ መራራት ሁሉም ተነስቶ መሄድን፣ ጊዜ መስጠትን፣ ቃል ማውጣትን ይጠይቃሉ። ተኝቶ የሚፈጸም አንድም የለባቸውም።

በዲናችንም እንዲሁ ነው። ዙልምን ዑለማዎች ሲተረጉሙት አንድን ነገር ከቦታው ውጪ ማስቀመጥ ነው ይላሉ። ተቃራኒው ዐድል ነው፤ ለሁሉም የሚገባውን ሐቅ መስጠት። ነገር ግን በሱረቱ ነሕል 90ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ያዘዘው ዐድልን ብቻ አይደለም፤ አስከትሎ ኢሕሳንን አዟል። ኢሕሳን ሥሩ ሑስን፣ ማለትም ማማር ነው። ሥራን ማሳመር፣ ከሐቁ አልፎ መጨመር ነው። በሱረቱ ኒሳእ 36ኛው አንቀጽ ደግሞ ኢሕሳን ከሚዋልላቸው ሰዎች ጋር «አስ-ሷሒቡ ቢል-ጀንብ»፣ ከጎን ያለው ባልደረባ፣ ተቆጥሯል። ሙፈሲሮች ብዙ ጊዜ የጉዞ ጓደኛ ነው ይሉታል። ዘመኽሸሪ ግን በትምህርት አብሮህ የሆነውንና በመስጂድ ከጎንህ የተቀመጠውንም ጨምሮበታል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ያ ልጅ ሁለቱንም ነበር።

እኛ የሐበሻ ሙስሊሞች ደግሞ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባን ነበር። በ615 ዓመተ ልደት ግድም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦችን ወደ ሐበሻ ሲልኩ፣ እዚያ ያለው ንጉሥ ዘንድ ማንም እንደማይበደል ነግረዋቸው ነው። ይህ ታላቅ ምስክርነት ነው፤ በራችንን ያስከፈተውም እሱ ነው። ነገር ግን ነጃሺ እዚያ ላይ አልቆመም። ቁረይሾች ስጦታ ጭነው ስደተኞቹን አስረክበን ሲሉት አስጠርቶ ቃላቸውን ሰማ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን ይሠሩት የነበረውን ክፋት ሲዘረዝር ጎረቤትን መበደልን አንዱ አድርጎ አነሳው፤ ነቢዩ ያስተማሯቸውን ሲዘረዝር ደግሞ የጎረቤትን መልካም አያያዝ ጠቀሰ። ነጃሺም ስጦታውን መልሶ ሰዎቹን በአገሩ በሰላም አስቀመጣቸው። ታሪኩን ያስተላለፈችልን እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ያንን ዘመን ስታስታውስ «አልበደለንም» ብላ አላበቃችም፤ ከጎረቤት ሁሉ መልካም የሆነ ጎረቤት እንደነበራቸው ተናግራለች። ሲመጡ የሰሙት «አይበድልም» የሚለውን ነው፤ የቀመሱት ግን መልካም ጉርብትናን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው እኛ ዶርም ውስጥ የጎደለው።

እርግጥ ነው፣ የሚቃወመኝ ይኖራል። «መጀመሪያ ሰው ከመበደል ይቆጠብ እንጂ! ስንቱ በምላሱ ወንድሙን እየጎዳ አንተ ስለ ኢሕሳን ታወራለህ» የሚል። ልክ ነው። ዐድል መሠረት ነው፤ የሰው ሐቅ በልቶ ኢሕሳን አለኝ ማለት አይቻልም። ከክፉ መቆጠብም በራሱ ምንዳ አለው፤ ቡኻሪ ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ሶደቃ ተብሎ ተቆጥሯል። ግን የት ላይ እንደተቆጠረ ልብ እንበል። መጀመሪያ የመጣው በእጁ ሠርቶ ራሱን ጠቅሞ መስጠት ነው። እሱን ያልቻለ የተቸገረን ይርዳ። እሱንም ያልቻለ በመልካም ይዘዝ። ይህንንም ያልቻለ ነው ከክፉ ይቆጠብ የተባለው። የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ምንም ያልቻለ ሰው እንዳይወድቅ የተያዘለት። እኛ ደግሞ ጤነኛ፣ ወጣትና ጊዜ ያለን ሆነን ሳለ ከላይ ያሉትን ትተን እዚያ ሰፍረናል።

ሌላው «ለዚህ እኮ ጀመዓው ኮሚቴ አለው» ይላል። ኮሚቴው አላህ ይጨምርለት። ግን ኮሚቴው ሌሊት አራት ሰዓት ላይ አጠገብህ ያለው አልጋ ላይ ጣራ እያየ የሚያድረውን ልጅ አያየውም። የምታየው አንተ ነህ።

ይህ ለሙስሊም ጓደኛ ብቻም አይደለም። በሱረቱል ሙምተሒና 8ኛው አንቀጽ፣ በዲናችን ምክንያት ያልተጋደሉንንና ከአገራችን ያላስወጡንን ሰዎች በተመለከተ ሁለት ቃላት መጥተዋል፤ አንዱ ፍትሕ ነው፣ ሌላው ቢር። ቢር የትኛው ቃል እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለእናት አባት የምንውለውን በጎነት «ቢሩል ዋሊደይን» የምንልበት ቃል ነው። ስለዚህ ክርስቲያኑ የዶርም ጓደኛችን «ሙስሊሞቹ አይረብሹኝም» ካለ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነን ማለት ነው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሰሞኑን አዲስ ተማሪዎች ይገባሉ። አማርኛ የማይቀናው፣ ካፌ ብቻውን የሚሰለፍ፣ ሬጅስትራር የት እንደሆነ የማያውቅ ይኖራል። ስሙን ጠይቀው። አብረኸው ብላ። የአምናውን ሾርት ኖት ስጠው። ከቋንቋው ሦስት ቃል ተማርለት፤ እሱ ለአንተ ሲል ስንት ቃል እየተማረ ነው። እህቶችም በበኩላችሁ እንዲሁ። ካደረጋችሁ በኋላ ደግሞ ውለታውን አትቁጠሩ፤ መመጻደቅ ሶደቃን እንደሚያበላሽ ሱረቱል በቀራ 264ኛው አንቀጽ አስተምሮናል።

እኔ ያንን ልጅ ላፈላልገው አስቤ ነበር፤ ዐፍው እንዲለኝ። የምጀምርበት አጣሁ። አራት ወር አብሮኝ ሲኖር የአባቱን ስም ጠይቄው አላውቅም።

አላህ ከዐድል አልፈው ኢሕሳን ከሚውሉት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።