አንሺው ፈረመ፤ ተነሺውስ?

እዚህ ሮም የሚኖር አንድ ፎቶ አንሺ ወዳጄ በቅርቡ አራት ፎቶግራፎች ላከልኝ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ የጥበብ ኅትመቶችን ለሚያሻሽጥ ኤጀንሲ ሊያስገባቸው ነው። ከእኔ የፈለገው በእያንዳንዱ ሥር የሚገባ ሦስት ሦስት መስመር ማብራሪያ ነው። «ሥነ ጽሑፍ የምትማሪው አንቺ፤ ቃል መቼም አይቸግርሽም» አለኝ።

አንደኛዋ የሐመር ልጃገረድ ናት። ሁለተኛው ላሊበላ ደጃፍ ላይ የተቀመጡ አረጋዊ ካህን ናቸው። ሦስተኛዋ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ናቸው። አራተኛውን እሱ አላነሳውም፤ እሑድ እሑድ ፖርታ ፖርቴዜ ከሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛው፣ በወረራው ዘመን የተነሳ ፎቶ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ከጭቃ ግድግዳ ተጠግታ ቆማለች፤ ነጠላዋን ደረቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች። ወዳጄ ስካን አድርጎ፣ ጭረቱን አጥፍቶ፣ ለሳሎን አዘጋጅቷታል።

«ስማቸው ማን ይባላል?» ብዬ ጻፍኩለት። አያውቅም። ፈቃዳቸውንስ? ለሐመሯ ልጅ ብር ሰጥቷታል። ካህኑ አልተቆጡም። እናትየዋ ሸክም ላይ ነበሩ። አራተኛዋን ደግሞ ከየት አምጥቶ ይጠይቃት? እንግዲያው አልጽፍም አልኩት። ተቀየመኝ። «ፈረንጅ ሲሸጠን ዝም ትያለሽ፤ እኔ የገዛ ወገኔን ላሳይ ስል ዳኛ ትሆኛለሽ» አለኝ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ የምሰጠው መልስ ነው፤ ለራሴም ጭምር።

ለራሴም ያልኩት እጄ ንጹሕ ስላልሆነ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሌላ ሰው ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። «ዘመን ያልሻረው ክብር»፣ «የጥንታዊት ምድር ዐይኖች» የሚሉ ሐረጎች ደርድሬ የአንድ ሳምንት አስቤዛዬን ተቀበልኩ። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ዛሬ ይገባኛል። እነዚያ ያማሩ ቃላት የተቀመጡት ስም መቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። የሰውየውን ስም ስለማናውቅ «ክብር» አልነው። የሴትየዋን ኑሮ ስላልጠየቅን «ጥንታዊ» አልናት።

የገበያው አሠራር ቀላል ነው። ፎቶ አንሺው ጥራቱን የጠበቀውን ፋይል ለኤጀንሲው ይሰጣል፤ ውል ይፈርማል። ኤጀንሲው ለአታሚ ፈቃድ ይሸጣል። አታሚው ደንበኛ ባዘዘው መጠን፣ በሸራ ወይም በጥጥ ወረቀት አትሞ፣ ፍሬም አግብቶ ይልካል። ከሽያጩ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ኤጀንሲው ጋ ይቀራል፤ የተረፈው ለአንሺው ይደርሳል። ፎቶው ለማስታወቂያ የሚውል ከሆነ ኤጀንሲዎች የተነሺውን የፈቃድ ፊርማ ይጠይቃሉ፤ የሳሙና ኩባንያ እንዳይከሰስ ይፈራላ። ለጋዜጣ ወይም ለግድግዳ ሲሆን ግን ፊርማው ብዙ ጊዜ ይታለፋል። እንዲህ አንሺ፣ ኤጀንሲ፣ አታሚና ገዢ ሁሉም ወረቀት ይይዛሉ። ወረቀት የሌለው ፊቱ የተሸጠው ሰው ብቻ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕግ አለ። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የጣልያን የደራሲ መብት ሕግ ቁጥር 633 በአንቀጽ 96 ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይላል። ይህ የጣልያን ሕግ የተፈረመው ሚያዝያ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው ሊገቡ 13 ቀን ሲቀራቸው ማለት ነው። አገራችንን የወረረው መንግሥት ራሱ የሰው መልክ ያለ ፈቃድ አይሸጥም ብሎ ጽፏል። ያቺ ነጠላዋን የያዘች ሴት ግን ከቁጥር አልገባችም።

ሕጎቹ ለባህል፣ ለትምህርትና ለአደባባይ ጉዳይ በር ይከፍታሉ። ወዳጄም በዚህ በር ሊገባ ይሞክራል፤ «ሥራዬ ባህል ነው» ይላል። ይሁንና የጣልያኑ አንቀጽ 97 የተነሺውን ክብር የሚነካ ከሆነ በሩ እንደሚዘጋ ያክላል። ደግሞስ ከሶፋ በላይ፣ ከመጋረጃው ቀለም ጋር እንዲሄድ ተመርጦ የተሰቀለ ፊት ምን ትምህርት ያስተምራል?

ኒው ዮርክን የሚጠቅሱልኝም አሉ። ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሲያ ታይምስ ስኩዌር ላይ መብራት ደብቆ መንገደኞችን ሳያውቁ አነሳ፤ ፎቶዎቹም በውድ ዋጋ ተሸጡ። አንድ የተነሳ አይሁዳዊ አዛውንት ሃይማኖቴ ይህን አይፈቅድም ብለው ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ2006 ፍርዱ ለፎቶ አንሺው ሆነ፤ ጥበብ ቢሸጥም ጥበብ ነው ተባለ። እሺ፣ ይሁን። ነገር ግን እኚያ አዛውንት ተሸነፉ እንጂ ተሰምተዋል፤ ፎቷቸውን አይተዋል፣ ጠበቃ ቀጥረዋል፣ ዳኛ ፊት ቀርበዋል። የእንጦጦዋ እናት ፊታቸው የአንድ የሚላኖ ሆቴል ኮሪደር ላይ እንደተሰቀለ ማን ይነግራቸዋል?

አሁን ወደ ጣልያን እንመለስና የሚገርመውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2023 የፍሎሬንስ ፍርድ ቤት የማይክል አንጄሎን የዳዊት ሐውልት ከአንድ ሞዴል ምስል ጋር አዳብሎ ሽፋኑ ላይ ያወጣን የፋሽን መጽሔት አሳታሚ 50 ሺህ ዩሮ እንዲከፍል ፈረደ። ፍርድ ቤቱ የባህል ቅርስም እንደ ሰው የምስል መብት አለው አለ። ከ500 ዓመት በፊት ለተጠረበ እብነ በረድ የሚሟገት መንግሥት አለ ማለት ነው። ወታደሮቹ ጭቃ ግድግዳ ላይ አስጠግተው ላነሷት ሴት ግን ተሟጋች የለም። የእሷ ፎቶ የመብት ጊዜው ያለፈበት «የሁሉም ሰው ንብረት» ነው።

የሁሉም የሚለው ቃል እዚህ ከተማ ውስጥ ታሪክ አለው። ኢስቲቱቶ ሉቼ እ.ኤ.አ. በ1924 ተቋቁሞ የፋሺዝም ዐይን ሆኖ ሠራ፤ በ1935 ወረራውን ለመቅረጽ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ከፈተ። ዛሬ ክምችቱ በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይዘጋ አልልም። ዶክትሬቴን የምሠራው እንዲህ ያሉ ማኅደሮች ክፍት በመሆናቸው ነው፤ የተፈጸመብንን ግፍ የምንመሰክረውም በእነሱ ነው። ማኅደር ግን ቀን፣ ቦታና አንሺ ያስቀምጣል፤ ጥያቄ ያስነሳል። የግድግዳ ኅትመት ይህን ሁሉ ቆርጦ ጥሎ ፊቱን ብቻ ይሸጣል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ሠርተው ያሳዩ አሉ። ደራሲት መዓዛ መንግስቴ በፕሮጀክት 3541 የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ከነታሪካቸው ትሰበስባለች። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው ሥራ የከተማዋን ትዝታ ከቤተሰብ አልበሞች አወጣ። ከዚያም በፊት የፎቶ ቤት ወግ ነበረን። እናቶቻችን ፎቶ ቤት ሄደው፣ ልብሳቸውን መርጠው፣ ከፍለው ተነሱ፤ ፎቶውንም ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። እዚያ ደንበኛው ተነሺው ነበር። በኦሞ ወንዝ አካባቢ ለአንድ ፎቶ ብር የሚጠይቁትን «ቱሪዝም አበላሻቸው» እያልን እናማለን። እኔ ግን ገበያውን ከእኛ ቀድመው የተረዱት እነሱ ይመስሉኛል። ችግሩ ብር መጠየቃቸው አይደለም። የተከፈላቸው ለመነሳት ብቻ መሆኑና ፊታቸው ተባዝቶ እንደሚሸጥ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

ወዳጄ ሀብታም አይደለም። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ሌሊት ሌሊት ሆቴል ውስጥ ሠርቶ ነው። ኤጀንሲው ፎቶውን ለማን፣ በስንት እንደሸጠ በማይነግረው ጊዜ እንዴት እንደሚናደድ አውቃለሁ። እስኪ ያን ንዴት አንድ ደረጃ ወደ ታች ያውርደው። ሳይነገረው የሚሸጥበት ሰው ምን እንደሚሰማው ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ፊት ለግድግዳ የሚሸጥ ከሆነ፣ ስሙ ይጻፍ፤ በሚገባው ቋንቋ የት ሊሸጥ እንደሚችል ይነገረው፤ ከእያንዳንዱ ኅትመት ድርሻ ይድረሰው። አይቻልም አትበሉኝ። ጥሩ ብርሃን የሚገኝበትን ሰዓትና ኮረብታ ያሳየህ አስጎብኚ የልጅቷን ስምና ስልክ ያለበትን ቤት አያጣም። ሰውየው ካልተገኘ ደግሞ ፎቶው ለኤግዚቢሽንና ለመጽሐፍ ይቆይ እንጂ ለሳሎን አይሂድ። በወረራ ጊዜ በጠመንጃ ፊት የተነሳ ፊት ግን በምንም ዋጋ ለጌጥ አይሸጥ፤ ሻጩ ጣልያን ቢሆን፣ አበሻም ቢሆን።

ወንድሜ፣ ፈረንጅ ሲሸጠን ዝም አላልኩም፤ ይኸው አንድ ላይ ጽፌባችኋለሁ። ያቺን አራተኛዋን ከአራቱ አውጣትና ወደ ማኅደር እንውሰዳት፤ የገዛህበትን ቀንና ቦታ አብረን እንጻፍላት። የሦስቱን ስም ደግሞ ፈልገህ ላክልኝ፤ ማብራሪያውን ያለ ክፍያ እጽፍልሃለሁ።