‹ኢንተርናሽናል› የሚለው ስም በታፔላ ሳይሆን በማስረጃ ይረጋገጥ!

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በየዓመቱ የሚነገሩትን ቁጥሮች አንባቢ ያውቃቸዋል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ትምህርት ሚኒስቴር መሻሻል መኖሩን ይጠቅሳል፤ መሻሻሉም አይካድም። ወላጅ ግን የሚያየው ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት 12 ዓመት ተምረው ግማሽ ነጥብ ሳይሞላላቸው መቅረታቸውን ነው። በኢሉባቦር ከተሞች፣ በመቱ፣ በጎሬና ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር በምትገኘው በደሌ ልጁን ለማስመዝገብ የሚወጣ ወላጅ ይህን ድንጋጤ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። አቅም ያለው፣ አቅም የሌለውም ተበድሮ፣ የግል ትምህርት ቤት ያማርጣል። ሲያማርጥም ዓይኑን የሚስቡት ‹ኢንተርናሽናል›፣ ‹ባይሊንጓል› የሚሉ ቃላት ናቸው። ዝግጅት ክፍላችንን ያሳሰበውና ያስቆጣው እነዚህ ቃላት ያለ ጠያቂ በየበሩ መሰቀላቸው ነው። ማን ፈቀደ? በምን መስፈርት? መልስ የሚሰጥ አካል የለም።

ስሙ በራሱ ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1947 አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያም በፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት እያስተማረ ለአማርኛም ቦታ የሰጠ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ፕሮግራም ይሰጣል። ሳንፎርድም ተማሪዎቹን ለእንግሊዝ ሥርዓት ፈተናዎች ሲያዘጋጅ የኖረ ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ስማቸውን የተሸከሙት ከውጭ መጥቶ የሚመረምራቸው፣ የተማሪዎቻቸውን ፈተና የሚያርም፣ ሲያጠፉም ዕውቅናውን የሚነጥቅ አካል ስላለ ነው። ስሙ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ ግን የሚደርሰው ብቻውን ነው፤ ተጠያቂነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የኢትዮጵያን ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምር፣ ተማሪዎቹን ለዚያው የክልል የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና፣ ለዚያው የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያስቀምጥ ትምህርት ቤት በምን መመዘኛ ዓለም አቀፍ ሊባል ይችላል? ይህን ጥያቄ የሚመልስ አንድ ወረቀት ሳያሳዩ ከወላጅ ተጨማሪ ክፍያ መቀበል ሕዝብን ማታለል ነው።

‹ባይሊንጓል› የሚለው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሁለት ቋንቋን በእኩል የሚያስተምር ትምህርት ቤት በሁለቱም ቋንቋ በቂ መጻሕፍት፣ በሁለቱም አቀላጥፈው የሚያስረዱ መምህራን፣ የትኛው ትምህርት በየትኛው ቋንቋ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ዕቅድ ሊኖረው ይገባል። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የሚታየው ግን የተለየ ነው። ሕፃኑ ከኬጂ ጀምሮ የእንግሊዝኛ መዝሙር በቃሉ ይወጣል፤ የሳይንስ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ‹ምን ማለት ነው?› ሲሉት ዝም ይላል። የመቱ ልጅ ቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ ሰፈሩ አማርኛ ይናገራል፤ ሁለት የአገር ቋንቋ ይዞ ትምህርት ቤት የሚገባ ባለጸጋ ነው። ያን ሀብት ተረክቦ ማሳደግ የሚገባው ተቋም ልጁ ባወቀው ቋንቋ ስለተናገረ የሚገሥጽ፣ አንዳንዴም የሚቀጣ ከሆነ፣ ቁቤውንም ፊደሉንም በቅጡ ያልለየ፣ እንግሊዝኛውም ያልዘለቀው ትውልድ እያፈራ ነው። ይህ ለወላጅ የሚሸጥ ጥራት ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ ማስረጃ ያላገኘ ክርክር አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ለውጭና ለአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ሰጥቶ ያስጠናው ጥናት እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት ይልቅ በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ኢሉባቦር ደግሞ ለዚህ እውነት ከጥናቱ በፊት ምስክር ነበራት። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ኦኔሲሞስ ነሲብ በሕፃንነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፣ ስዊድን ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ነበር። የባሕር ማዶ ቋንቋ አላነሰውም። ይሁንና ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳተመው የማንበቢያ መጽሐፍ በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሙም እንደዚሁ። ወደ አገሩ ተመልሶ ነቀምት ላይም ያስተማረው ልጆች በሚሰሙት ቋንቋ ነው። የዚህ ሰው የትውልድ አካባቢ ልጆች ዛሬ የእናታቸውን ቋንቋ ማንበብ ሳይችሉ የሌላውን ሸምድደው ማለፋቸው ሊያስቆጭ ይገባል።

ወላጅን ‹በስም ተታለልክ› ብሎ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ትምህርት ባንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ እንደሚሆንበት ወላጁ ያውቃል። ዕጣ ፈንታውን የሚወስነው የ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥም ያውቃል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለዚያ ሽግግር በቂ ዝግጅት ስለማያደርግለት፣ እንግሊዝኛ አለ ወደተባለበት ቢሮጥ አይፈረድበትም። የሚፈረደው ይህን ጭንቀት ወደ ገበያ በለወጠውና ገበያውን በዝምታ በሚያልፈው ላይ ነው።

የገንዘቡም ነገር ቀላል አይደለም። ከኢሉባቦር ቤተሰብ አብዛኛው የሚተዳደረው በቡና ነው። የቡና ገንዘብ ኪስ የሚገባው ከጥቅምት ወዲያ ሲሆን ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍና የመጀመሪያው ወር ክፍያ የሚጠየቁት ደግሞ በነሐሴና በመስከረም ነው። በወለድ ተበድሮ የከፈለ ቤተሰብ ዓመቱ ሲጋመስ ያልተነገረ ጭማሪ ሲመጣበት ልጁን አስወጥቶ የት ይወስደዋል? ጥራት አለ ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ ጥራት ካላስገኘ፣ ጉዳቱ በቤተሰቡ ጎተራም በልጁ ዕድሜም ላይ ያርፋል።

ሕግ የለም የሚል ምክንያት አይሠራም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ይላል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የአጠቃላይ ትምህርት አዋጅም አለ። ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 የሚመድብ ኢንስፔክሽንም ለግሉም ለመንግሥቱም ይሠራል፤ ደረጃ 1 እና 2 ከስታንዳርድ በታች ናቸው። የክልሉ ትምህርት ቢሮና የዞኑ ባለሙያዎች ባላቸው አቅም የሚያደርጉትን ጥረት እናከብራለን። ነገር ግን የኢንስፔክሽን ውጤት በቢሮ መዝገብ ተቆልፎ፣ ወላጅ በታፔላ ብቻ እየመረጠ ከቀጠለ ክትትል አለ ለማለት ያስቸግራል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የኢንስፔክሽን ደረጃውን ከስሙ እኩል በሚነበብ ጽሑፍ በበሩ ላይ እንዲለጥፍ ይገደድ። ሁለተኛ፣ ‹ኢንተርናሽናል› የሚለውን ስም መጠቀም የሚፈልግ ዕውቅና የሰጠውን የውጭ ፈተና ወይም ሥርዓተ ትምህርት አካል ማስረጃ ያቅርብ፤ የሌለው ስሙን ያንሳ። ሦስተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚጠየቁ ክፍያዎች በሙሉ ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ ይገለጹ። አራተኛ፣ የመቱ ዩኒቨርሲቲና የመቱ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአካባቢያቸው ያሉ የግልና የመንግሥት መምህራንን የእንግሊዝኛ ችሎታ የሚመዝንና የሚያሠለጥን ቋሚ ፕሮግራም ይክፈቱ። በ9ኛ ክፍል ደጃፍ ላይ የሚወድቀውን ልጅ የሚታደገው በደንብ የሠለጠነ መምህር ነው።

ወላጆችም እስከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ የለባቸውም። ከመመዝገባቸው በፊት የኢንስፔክሽን ሪፖርቱን አምጡ ይበሉ። ከ6ኛና ከ8ኛ ክፍል ምን ያህል ልጆች እንዳለፉ፣ ባለፈው ዓመት የነበሩት መምህራን ዘንድሮ መኖር አለመኖራቸውን ይጠይቁ። አንድ የ3ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ገጽ በአፋን ኦሮሞ፣ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ አንብቦ የተረዳውን በራሱ አንደበት እንዲነግራቸው ያድርጉ። ይህን ፈተና የሚያልፍ ትምህርት ቤት ስሙ ምንም ይሁን ምን ይመረጥ፤ በቅንነት የሚሠሩ የግል ትምህርት ቤቶችም ይህን ጥያቄ አይፈሩትም። ጥያቄውን የሚሸሽ ትምህርት ቤት ግን ልጅ ሊረከብ አይገባውም።

የመቱና የበደሌ ወላጅ ጥሩ ትምህርት ለማግኘት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ ልጁን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ፣ ወይም ያልተረጋገጠ ስም በውድ መግዛት ግድ ሊሆንበት አይገባም። ሁለቱም የሚቀሩት በሰፈሩ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋ በሚገባ አስተምሮ ለእንግሊዝኛው ሲያዘጋጅ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ መንግሥት ቢያንስ ሐሰተኛውን ስም ከበሩ ላይ የማውረድ ግዴታ አለበት። የሚቀጥለው ምዝገባ ሳይጀመር ይውረድ!