የሯጭ ሰዓት ስንገዛ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ስለ ጋብቻም ስለ ንግድም ሲነገር ኖሯል፤ ዛሬ ግን ቃል በቃል ስለ ሯጭ ብንናገረው ያለ ቦታው የገባ አይሆንም። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ከሚሮጡት ተማሪዎች መካከል ጂ.ፒ.ኤስ. ያለበት ሰዓት ያሠረው ቁጥሩ እየበዛ ሄዷል፤ የሌለውም ለመግዛት ያስባል። ገንዘቡ የሚገኘው ግን ወላጅ ከላከው ወይም ከምሳና ከመጽሐፍ እየተቀነሰ ከተጠራቀመው ነው። እንዲህ ያለውን ገንዘብ በችኮላ ማውጣት አይገባም።

ወደ ሱቅ የሄደ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሻጩ ይህ ከዚያ ይበልጣል ይላል። በምን ይበልጣል ቢሉት ካርታ አለው፣ ሙዚቃ አለው፣ እንቅልፍ ይለካል እያለ ይዘረዝራል። ገዢው ስለ ሩጫው አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠየቅ ከፍሎ ይወጣል። እኛ የምንለው ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው። ሰዓቱ ከመመረጡ በፊት፣ ሰዓቱ እንዲመልስልን የምንፈልገው ጥያቄ ይመረጥ። ይህ ከተደረገ ለአብዛኞቻችን የሚበቃን በመስኮቱ ፊት ለፊት የተደረደረው ውዱ ሳይሆን ከበስተኋላ የተቀመጠው ተራው መሆኑን እንረዳለን።

አስቀድመን የመሣሪያውን አሠራር እንመልከት። ከሳተላይት ጋራ ይነጋገራል ይባላል እንጂ ሰዓቱ አድማጭ ብቻ ነው። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩት የአሜሪካ ሳተላይቶች ጊዜውን የሚናገር ምልክት ያስተላልፋሉ፤ ሰዓቱም ምልክቱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ያውቃል። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት የ300 ሜትር ስሕተት ነው። ይህ ሥርዓት በሙሉ ኀይሉ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ወታደር ባልሆነው ተጠቃሚ ላይ ሆን ተብሎ ይደረግ የነበረው ማዛባት የቀረው በ2000 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም በ2003 ጋርሚን የተባለው ኩባንያ ፎርረነር የሚለውን የሯጭ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ዛሬ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊልዮና የቻይናው ቤይዱ ስለ ተጨመሩ ሰዓቱ የሚያዳምጣቸው ሳተላይቶች በዝተዋል።

ሰዓቱን የሚያሳስተው ዋነኛው ነገር የገደል ማሚቶ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ምልክቱ ከፎቅ ግድግዳ ወይም ከገደል ነጥሮ ሲመጣ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሰዓቱም ሳተላይቱ የራቀ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በጐዳና የሮጠው ሰው በሕንፃ ውስጥ ያለፈ ሆኖ ይሣላል። በሁለት ሞገድ የሚያዳምጡት አዲሶቹ ሰዓቶች እውነተኛውን ምልክት ከማሚቶው በመለየት ይሻላሉ። ነገር ግን እንዲህ ሲሠሩ ባትሪ ይበላሉ፤ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። በፎቆች መካከል፣ በሸለቆ ወይም በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ዘወትር ለሚሮጥ ይጠቅሙታል። ሰማዩ በተገለጠበት መንገድ ለሚሮጥ ግን የልዩነቱ ጥቅም ከዋጋው ልዩነት ያንሳል።

የጐዳና ሯጭ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ምን ያህል ሮጥኩ? በምን ፍጥነት ሮጥኩ? የመጀመሪያውን ተራው ሰዓት ከበቂ በላይ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በ5 ሰከንድ 21 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰዓቱ በ3 ሜትር ተሳስቶ 24 ሜትር ቢል፣ ሯጩ እርምጃውን ሳይለውጥ በ3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ግድም የሚሮጥ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ በየቅጽበቱ የሚለዋወጠውን ቁጥር እያዩ መፍጠንና መዘግየት ራስን በከንቱ ማድከም ነው። የሚታመነው የሙሉው ኪሎ ሜትር አማካይ ነው፤ ይህን ደግሞ ርካሹም ሰዓት ያሳያል።

በማራቶን ውድድር ሰዓታቸው ከ42.195 ኪሎ ሜትር በላይ ሲያነብ መንገዱ በስሕተት ተለክቷል ብለው የሚቆጡም አሉ። መንገዱ የሚለካው ግን በልክ በተፈተነ የብስክሌት ቆጣሪ፣ እጅግ አጭሩን መሥመር ተከትሎ ነው፤ እንዳያጥርም በ1,000 ሜትር 1 ሜትር ይጨመርበታል። ሯጩ በመታጠፊያው ሁሉ አጭሩን መሥመር አይዝም፤ የሰዓቱም መሥመር ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል። ትርፉ የመጣው ከዚህ ነው።

ስለ ልብ ምት ጥቂት እንጨምር። ሰዓቱ ከእጅ አንጓ ላይ የልብን ምት የሚያነበው በቆዳው ላይ በሚያበራው አረንጓዴ ብርሃን ነው። ብርድ በሆነ ጧት ወይም ሰዓቱ ላልቶ ሲንቀሳቀስ ንባቡ ይሳሳታል። በደረት ላይ የሚታጠቁት ቀበቶ የልብን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ስለሚያነብ የበለጠ የታመነ ነው። ስለዚህ የልብ ምቱን ተከትሎ ለሚሠለጥን ሰው ዋናው ነገር ሰዓቱ እንዲህ ያለውን ቀበቶ መቀበሉ ነው።

በደጋ የምንሮጥ ሰዎች ደግሞ ልናውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር፣ የእንጦጦም ራስ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ብዙዎቹ ሰዓቶች ሰውነት ኦክስጅንን የሚጠቀምበትን ዐቅም የሚገምቱት ፍጥነትን ከልብ ምት ጋራ በማመዛዘን ነው። አየር በሳሳበት ከፍታ ልብ ያው እየመታ እግር ይዘገያል። ሰዓቱ ከፍታውን ከሒሳቡ ካላስገባ፣ እንጦጦን የወጣውን ብርቱ ሯጭ ደካማ ነህ ብሎ ይፈርድበታል። ከፍታን የሚያስቡ ሰዓቶች አሉ፤ ቢሆንም ፍርዱ ግምት ነው። ስለ ግምት ብዙ ገንዘብ መክፈል ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስፖርት እንለፍ። ኦሪየንቲሪንግ ማለት በማያውቁት ጫካ ውስጥ በካርታና በኮምፓስ እየተመሩ፣ የተተከሉትን ምልክቶች በየተራቸው አግኝቶ ቀድሞ የመግባት ውድድር ነው። አገሩ ስካንዲናቪያ ነው። የመጀመሪያው የሕዝብ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1897 በኖርዌይ ተደረገ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1961 በኮፐንሐገን ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውም የዓለም ሻምፒዮና በ1966 በፊንላንድ ተካሄደ። ዛሬ በሰዓት የታወቀው የፊንላንዱ ሱንቶም በ1936 የተቋቋመው ኮምፓስ ለመሥራት ነበር፤ መሥራቹ ቱኦማስ ቮህሎነን ራሱ የዚህ ስፖርት ሰው ነው።

በዚህ ስፖርት ዘንድ የሰዓት ምርጫ ከሩጫው ይልቅ ቀላል ነው። በፌዴሬሽኑ ደንብ ተወዳዳሪው መንገዱን ለመፈለግ የሚጠቀምበት አዘጋጁ የሰጠው ካርታና የምልክቶቹ መግለጫ፣ ከዚያም ኮምፓስ ብቻ ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. ያለበትን ሰዓት ማሠር የሚፈቀደው ካርታ የማያሳይ ከሆነና መንገድ መፈለጊያ ካልተደረገ ነው፤ አዘጋጁም ከዚህ ይበልጥ ሊያጠብቅ ይችላል። ልብ በሉ! ሻጩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያመሰግነው፣ ዋጋውንም ወደ ላይ የሚሰቅለው ካርታ፣ ባለቤቱን ከውድድር የሚያስወጣው እሱ ነው።

ደንቡ ባይከለክልስ ይጠቅም ነበርን? ሒሳቡን እንሥራ። በጫካ ውድድር ካርታ ላይ በ1 ለ10,000 መጠን አንድ ሚሊሜትር 10 ሜትር ነው። የ5 ሜትር ስሕተት በዚህ ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ስለሆነ አይጎዳም። በከተማ ውስጥ በሚደረገው አጭር ውድድር ግን መጠኑ 1 ለ4,000 ነው፤ አንድ ሚሊሜትር 4 ሜትር ይሆናል፤ የዚያው የ5 ሜትር ስሕተት ሯጩን ከግንቡ ወዲህ ሳለ ከግንቡ ወዲያ ያደርገዋል። የሰዓቱም ኮምፓስ ቢሆን በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋል። በአውራ ጣት ላይ የሚታሠረው ተራ ኮምፓስ ባትሪ የለው፣ ማስተካከያ የለው፤ ከካርታው ጋራ በአንድ እጅ ተይዞ ያገለግላል።

ታዲያ ሰዓቱ ለኦሪየንቲሪንግ ሯጭ ምን ይሠራለታል? ሥራው የሚጀምረው ውድድሩ ሲያልቅ ነው። የተመዘገበው መሥመር እንደ ኩዊክሩትና ላይቭሎክስ ባሉት የኮምፒዩተር መሣሪያዎች በካርታው ላይ ሲነጠፍ፣ የት እንደ ቆመ፣ የት እንደ ተጠራጠረ፣ ኮረብታውን ዞሮ የሄደው ጓደኛው ስንት ሰከንድ እንደ ቀደመው ያያል። ይህ ታላቅ ትምህርት ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው በየሰከንዱ የሚመዘግብ፣ በዝናብና በጭቃ የማይሳሳቱ እውነተኛ ቁልፎች ያሉት፣ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር የሚያወጣ ሰዓት ነው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ባዶ እግሩን ሲያሸንፍ ምን ሳተላይት መራው? ይሉናል። ክርክሩ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አበበ ኦኒ ኒስካነንን የመሰለ አሠልጣኝ ነበረው። ብዙዎቻችን አሠልጣኝ የለንም፤ ሰዓቱ ከአሠልጣኝ ሥራ ጥቂቱን፣ ማለት መቁጠሩንና መመዝገቡን ቢይዝልን አይነቀፍም። ሌሎች ደግሞ አንድ ጊዜ ትልቁን ገዝቶ መገላገል ይሻላል ይላሉ። የባትሪን ነገር ረስተዋል። ትልቁም ትንሹም ባትሪው ከዓመት ዓመት ይደክማል፤ በውድ የተገዛው ስለ ተወደደ ብቻ ዕድሜ አይጨመርለትም።

መዝገቡም ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ስትራቫ የተባለው ድርጅት ካወጣው የሯጮች ካርታ የጦር ሰፈሮች ቅርጽ ተለይቶ ታየ። በሐምሌ 2020 ደግሞ የጋርሚን የመረጃ ማዕከል በሰርጎ ገቦች ተመትቶ ለቀናት ተዘጋ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ የምናድርበትንና የምንነሣበትን ቦታ ለዓለም እንዳንገልጥ፣ መዝገባችንንም ያለ ድርጅቱ ፈቃድ በገመድ የምናወጣበትን ሰዓት እንድንመርጥ።

ያገለገለ ሰዓት የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሁለት ፈተና ያድርግ። ጂ.ፒ.ኤስ. ከፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ደጅ ያስቀምጠውና ባትሪው ከመቶ ስንት እንደ ቀነሰ ይይ፤ 10 ከቀነሰ 10 ሰዓት ግድም፣ 25 ከቀነሰ 4 ሰዓት ብቻ ይዘልቃል ማለት ነው። ቀጥሎም በ400 ሜትር ሜዳ ውስጠኛውን መሥመር ይዞ 10 ዙር ይሩጥና ከ4,000 ሜትር ምን ያህል እንደ ራቀ ይመልከት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ መልሱ ተገኝቷል።

በመጨረሻም ለማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። ካርታ በሚያሳየው በአንዱ ትልቅ ሰዓት ዋጋ ሁለት ተራ ሰዓቶችና ጥቂት ኮምፓሶች ይገዛሉ። እነዚህ የጋራ ሆነው እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በየተራ ቢሰጡ፣ የመግዛት ዐቅም የሌለው ተማሪም ይጠቀማል። የጂኦግራፊ ጓደኞቻችን ደግሞ ኦፐን ኦሪየንቲሪንግ ማፐር በተባለው ነፃ መሣሪያ የግቢያችንን ካርታ በ1 ለ4,000 ቢሥሉልን፣ ያን ጊዜ በእጃችን ካለው ሰዓት ይልቅ በራሳችን ውስጥ ያለው ካርታ ይበልጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለቄስ ብቻ አይደለም፤ ሰዓት ከማሠርም መንገድን ማወቅ ይቅደም እንላለን።