ሞገድ የሚሰብረው፣ ሞገድ የሚዘራው

ጣና ላይ እምቦጭ መኖሩ ከታወቀበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ወሬው ሁሉ በሄክታር ነው፤ ይህን ያህል ጨመረ፣ ይህን ያህል ቀነሰ። አረሙ ግን እንደ ማሳ ተተክሎ አይቀመጥም። ነፋስ ሲገፋው ደንቢያና ፎገራ ዳርቻ ላይ ተጨምቆ ይጠባል፣ ሲለቀው ተበትኖ ይሰፋል። የአንድ ቀን ልኬት ስለ አረሙ የሚነግረንን ያህል ስለዚያ ቀን ነፋስም ይነግረናል። ስለዚህ ነፋሱ የሚያነሣውን ሞገድ ሳንለካ እምቦጭን አወቅነው ማለት አንችልም እላለሁ።

የባሕር በረዶ አጥኚዎች ይህን ቀድመው አይተውታል። ሳተላይት የበረዶውን ስፋት ያሳያል፤ ሞገድ ከሥሩ ገብቶ እንዴት እንደሚሰብረው ግን ለብቻው መለካት አለበት። በ2012 (እ.ኤ.አ.) አንታርክቲካ አካባቢ በረዶው ላይ ከጠርዙ ወደ ውስጥ 5 መሣሪያዎች ተቀመጡ። መሣሪያዎቹ በረዶው በሞገድ ሲነሣና ሲወርድ ይመዘግቡ ነበር፤ እንቅስቃሴን የሚለካ ተመሳሳይ ነገር እጃችን ላይ ባለው ስልክ ውስጥም አለ። ከ3 ሜትር የሚበልጡት ሞገዶች እንደተገመተው ቶሎ አልደከሙም፤ በረዶ የመስበር ኃይላቸውን እንደያዙ ከጠርዙ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ዘልቀው ተገኙ።

ጣና ውቅያኖስ አይደለም። ነፋሱ የሚሮጥበት ውሃ በአሥሮች ኪሎ ሜትር ብቻ የሚቆጠር ስለሆነ ሞገዱ አጭር ነው፣ አጭር ሞገድ ደግሞ ተንሳፋፊ ነገር ውስጥ ሲገባ ቶሎ ይደክማል። ዋናው ትግል ያለው እንግዲህ ጠርዙ ላይ ነው። እዚያ አንዷን እምቦጭ አንሥተን እንያት። ያበጠው አገዳዋ ሲሰነጠቅ እንደ ስፖንጅ አየር የሞላው ነው። ከጎኗ ቀጭን ሐረግ ወጥታ ልጇን ይዛለች። ሞገዱ ያንን ሐረግ አጣሞ ይበጥሰዋል፤ ልጅቱም ብቻዋን ተንሳፍፋ ሌላ ዳርቻ ላይ ቤተሰብ ትመሠርታለች። በረዶ ሲሰበር ውሃ የሚነካው ጎኑ ስለሚበዛ ቶሎ ይቀልጣል። እምቦጭ ሲሰበር ይዛመታል፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ሞገዱ ዘሪው ነው ማለት ነው፤ በእጅም በማሽንም ስንነቅል ጠርዙን በታትነን ከተውን እኛም አብረነው እንዘራለን።

ይህ ጉዳይ በጌዴኦ ዞን ያለውን የጨለለቅቱን ሰው የሩቅ ወሬ አይምሰለው። እምቦጭ ዓባያ ሐይቅ ላይም ታይቷል። ከጌዴኦ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች፣ በክረምት አፈር ተሸክመው የሚቀሉት፣ መድረሻቸው ዓባያ ነው፤ አፈሩና ከቡና ማጠቢያ የሚለቀቀው ፍሳሽ ደግሞ ለአረም ምግብ ነው። እንሰትና ዋንዛ ያለበት ማሳ አፈሩን የሚይዘው ለባለማሳው ብቻ ሳይሆን ለሐይቁም ነው።

ዓባያ ለዲላ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ሞገዱን መለካት ለመጀመር ሁለት የታሸጉ ጀሪካኖች ይበቃሉ፤ በየሆዳቸው አንድ አንድ የእንቅስቃሴ መለኪያ ይግባ። አንዱ ከአረሙ ውጭ በገላጣው ውሃ ላይ፣ ሌላው ከጠርዙ አሥር ሜትር ገባ ብሎ ይታሰር። በሁለቱ መካከል ከጠፋው ሞገድ ከፊሉ ሐረግ ሲበጥስ የዋለው ነው።