ቢከን የሚገዛው ለጓደኛ ነው

እዚህ ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና አውሮራ ያደጉ ልጆቻችን ወላጆቻቸው የማያውቁት ልማድ አውጥተዋል። ክረምት ሲገባ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥተው፣ በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ነድተው፣ ስኪ ሊጫወቱ ተራራ ይወጣሉ። መጀመሪያ የሚሄዱት ሪዞርት ነው፤ ትኬት ይቆርጣሉ፣ በሊፍት ይወጣሉ፣ በተደለደለው መንገድ ይንሸራተታሉ። ጥቂት ዓመታት ሲቆዩ ግን ሰልፉና ዋጋው ያማርራቸዋል፤ ከሪዞርቱ ወሰን ውጪ ያለው፣ ማንም ያልረገጠው በረዶ ያምራቸዋል። እንደ በርተድ ፓስ ባለ ቦታ መኪናቸውን ያቆሙና ስኪያቸው ሥር ወደ ኋላ የማያንሸራትት ጨርቅ ለጥፈው በእግራቸው ይወጣሉ። እዚያ ለስኪ ተጫዋቾች ብሎ የተከመረውን በረዶ አስቀድሞ በፈንጂ የሚያራግፍ ሠራተኛ የለም፤ አደገኛውን ቁልቁለት በገመድ የሚዘጋም የለም።

በቅርቡ አንድ አባት «ልጄ ቢከን የሚባል ነገር ግዛልኝ እያለ ያስጨንቀኛል፤ ዋጋው ከ300 እስከ 500 ዶላር ነው አሉኝ፤ የቱ ይሻላል?» ብለው የጠየቁኝ ከዚህ የተነሣ ነው። ጥያቄያቸው አስደስቶኛል። ብዙ ወላጅ «ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፤ ልጁ ግን መሄዱን አይተውም፤ የሚተወው ለወላጁ መንገሩን ነው። ደግሞስ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ በስኪ ከተወዳደረ ወዲህ፣ ስፖርቱ የእኛ አይደለም የሚያሰኝ ምን ምክንያት ቀረ?

ቢከን ደረት ላይ የሚታሰር፣ መዳፍ የሚያህል የሬዲዮ መሣሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ በ457 ኪሎኸርዝ፣ በሴኮንድ አንዴ ገደማ፣ ምልክት ይልካል። የበረዶ ናዳ ወርዶ አንዱን ሲቀብረው የተረፉት ጓደኞቹ መሣሪያቸውን ከመላክ ወደ መፈለግ ይቀይሩና ምልክቱን ተከትለው ይደርሱበታል። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማያስተውለው ነገር አለ። ከተቀበረው ልጅ ቢከን የሚጠበቀው መላክ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ዘመናዊ ቢከን ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ ያደርገዋል። የዋጋው ልዩነት ያለው በመፈለጉ በኩል ነው። መፈለጊያው የሚያገለግለው ደግሞ ሌላ ሰው ሲቀበር ነው። 500 ዶላር አውጥቶ የገዛ ልጅ ያሰፋው የጓደኛውን የመትረፍ ዕድል ነው፤ የራሱ ዕድል ያለው ጓደኛው እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ለእኚያ አባት የሰጠኋቸው መልስ «ጋሼ፣ ስለ መሣሪያው ከመነጋገራችን በፊት አብሮት የሚሄደው ማን ነው? እሱስ ምን ይዟል? መጠቀምስ ያውቃል?» የሚል ነበር።

ስለ ጓደኛው ይህን ያህል የምጨቀጭቀው ጊዜው አጭር ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ ከ1981 እስከ 2020 ያለውን የስዊዘርላንድ መዝገብ የመረመረ ጥናት አለ። ጭንቅላታቸው ጭምር በረዶ ውስጥ ከተቀበሩት ሰዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የወጡት 91 በመቶ ያህሉ ተርፈዋል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ቁጥሩ ወደ 31 በመቶ ያሽቆለቁላል። የተቀበረ ሰው ያስወጣውን አየር መልሶ እየሳበ ነው የሚታፈነው። 911 መደወል የግድ ነው፤ ነገር ግን የነፍስ አድን ቡድን ተሰባስቦ፣ ተራራውን ወጥቶ እስኪደርስ ያ ግማሽ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ አልፏል። በጊዜ የሚደርሰው እዚያው የቆመው ጓደኛ ነው።

የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ምን መመረጥ እንዳለበት ይናገራል። የመጀመሪያውን በተግባር የሚሠራ ቢከን እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራው ጆን ሎውተን የተባለ፣ ቡፋሎ በነበረው የኮርኔል የበረራ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ስሙንም ስካዲ አለው። ያኔ ፈላጊው ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ፣ ሲጎላ እየቀጠለ፣ ሲደክም እየተመለሰ ነበር የሚፈልገው። ለሠለጠነ ጆሮ ይሆናል፤ ጓደኛው ዐይኑ እያየ ለተቀበረበት፣ ልቡ ለሚመታ ወጣት ግን እጅግ ይከብዳል። በ1986 457 ኪሎኸርዝ የጋራ ዓለም አቀፍ ሞገድ ሆኖ ተወሰነ። ዛሬ የስዊዘርላንዱ ማሙት፣ የኦስትሪያው ፒፕስ፣ የጀርመኑ ኦርቶቮክስና የፈረንሳዩ አርቫ እርስ በርስ የሚሰማሙት ለዚህ ነው፤ ጓደኛሞች የግድ አንድ ዓይነት ስም ያለው መግዛት የለባቸውም። በ1997 ደግሞ እዚሁ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ያለው ባክካንትሪ አክሰስ ትራከር የተባለውን ዲጂታል ቢከን አወጣ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው አቅጣጫውን በብርሃን ወይም በቀስት፣ ርቀቱን በቁጥር ያሳያል።

ቀስቱ ግን ቀጥታ አይመራም፤ ይህን ሳያውቁ ተራራ መውጣት አይገባም። ምልክቱ ከተቀበረው ቢከን የሚወጣው በጎበጡ መስመሮች ነው። ቀስቱ የሚከተለው እነዚያን መስመሮች ስለሆነ ፈላጊው ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ ስክሪኑ 30 ሲልም በዚያ በጎበጠው መንገድ የሚቀረውን መገመቱ ነው። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ መንገዱ ትክክል ነው፤ እየጨመረ ከሄደ ፊትን ማዞር ነው። ሦስት ሜትር ያህል ሲቀር ሩጫው ያበቃል። ቢከኑን በረዶው ላይ ዝቅ አድርጎ፣ ሳያሽከረክሩ፣ ፊትና ኋላ ከዚያም ግራና ቀኝ ቀስ ብሎ እያንሸራተቱ ትንሹን ቁጥር መፈለግ ነው። አንዳንዱ ቢከን ሁለት፣ አንዳንዱ ሦስት አንቴና አለው፤ ሦስተኛው ዋጋውን የሚያሳየው እዚህ ነው። የተቀበረው ሰው ቢከን ቀጥ ብሎ ቆሞ ከሆነ፣ ሁለት አንቴና ብቻ ያለው መሣሪያ ትንሹን ቁጥር ከሰውየው በላይ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብሎ ሊያሳይና ያለ ቦታው ሊያስቆፍር ይችላል። ሦስት አንቴና ያለው ይህን ያርመዋል።

እንግዲህ ምርጫዬን ልናገር። ዲጂታል ይሁን፣ ሦስት አንቴና ይኑረው፣ አዲስ ይሁን። ከማያውቁት ሰው በ100 ዶላር የሚገዛውን አሮጌ ቢከን አልመክርም። ሞገዱ በዕድሜ ብዛት ከ457 ሸርተት ያለ ቢከን አዲሶቹ መሣሪያዎች በቅጡ ላይሰሙት ይችላሉ፤ ባትሪ ፈስሶ ውስጡን የበላውም አለ። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ወፍራም ጓንት አድርጎ ይሞክረው፤ ቁጥሩ በፀሐይ ይነበባል? መቀየሪያው በአንድ እጅ ይታዘዛል? ሳይፈለግስ ይንቀሳቀሳል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ትልቅ አምራች መቀየሪያው ሳይታወቅ ከመላክ ሊወጣ ይችላል በሚል ሥጋት በርካታ ቢከኖችን መልሶ ጠርቷል። ላኪ ያልሆነ ቢከን የታሰረ ሰው ከበረዶ በታች ባዶ እጁን ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን ሻጩ ሲያወድሰው አይደንግጡ። ውዶቹ ሞዴሎች ብዙ የተቀበሩ ሰዎችን በዝርዝር ያሳያሉ፣ የድሮውን ድምፅ ያሰማሉ፣ ፈላጊው ራሱ የሚያስተካክለው ብዙ ነገር አላቸው። ለተራራ መሪና ለነፍስ አድን ሠራተኛ ይህ ሁሉ ይጠቅማል፤ ሥራው ነውና በየሳምንቱ ይለማመደዋል። በወር አንዴ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለሚወጣ ልጅ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቁልፍ በዚያች ሰዓት ተጨማሪ ግራ መጋባት ነው። አንዱን አግኝቶ ሲያበቃ ምልክቱን ከስክሪኑ አውጥቶ ወደ ሁለተኛው የሚሄድበት ቁልፍ ካለው ይበቃዋል። ቀለል ያለውን ይግዛ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለምን እንደሚያውለው እነግራችኋለሁ።

ቢከን ሰውየው ያለበትን አካባቢ ይጠቁማል እንጂ አያወጣውም። ትክክለኛውን ቦታ የሚነካው ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው፣ ሲዘረጋ 2 ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆነው ዘንግ ነው። የሚያወጣው አካፋ ነው፤ አካፋውም ብረት መሆን አለበት፤ ናዳ እንደቆመ ይጠነክራል፣ ፕላስቲክ ይሰበርበታል። አንድ ሜትር ጥልቀት የተቀበረን ሰው ለማውጣት ከአንድ ቶን ያላነሰ በረዶ መዛቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ከፍለጋው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደውም ቁፋሮው ነው። ሦስቱም በእያንዳንዱ ሰው ላይ መኖር አለባቸው፤ አካፋው የተቀበረው ልጅ ጀርባ ላይ ከሆነ ምን ይጠቅማል?

ስልክም የቢከንን ቦታ አይተካም፤ ጭራሽ ይረብሸዋል። በሚላክበት ጊዜ ስልክንና ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከቢከኑ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር፣ በሚፈለግበት ጊዜ 50 ሴንቲሜትር ማራቅ ያስፈልጋል። ባትሪውም አምራቹ የፈቀደው ዓይነት ይሁን፤ ክረምቱ ሲያልፍ ይውጣ።

ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም። በረዶ በጣለ በማግሥቱ ሰፈራችሁ ያለ ፓርክ ውስጥ አንዱን ቢከን ምሳ ዕቃ ውስጥ ከታችሁ ቅበሩት፤ ልጆቹ በሰዓት እየተለኩ ይፈልጉት፣ በዘንግ ይንኩት፣ ይቆፍሩት። እናትም አባትም ይሞክሩ። ጓንት፣ ብርድና ጥድፊያ ሲደመሩ ሱቅ ውስጥ ቀላል የመሰለው መሣሪያ ምን እንደሚመስል ያኔ ይታያል። ጠዋት ከመኪና ማቆሚያው ከመነሣታቸው በፊትም አንዱ በመፈለጊያ ቆሞ ሌሎቹ ተራ በተራ በፊቱ ይለፉ፤ ሁሉም መላኩ ይረጋገጥ። ከዚያም የቆመው ሰው የራሱን ወደ መላክ መልሶ ያሳያቸው።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም ቢከን ናዳን አያቆምም። የኮሎራዶ ተራራ በተለይ ክፉ ጠባይ አለው። በኅዳር የሚጥለው ስስ በረዶ በረጅሙ ብርድ ውስጥ እንደ ስኳር ቅንጣት ይበታተናል፤ በላዩ ወፍራም በረዶ ሲጫን መሠረቱ አይችልም፣ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃዋል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ቁልቁለት ላይ ገዳይ ናዳዎች በብዛት ይነሣሉ፤ ስኪ የሚወዱ ሰዎች ደስ የሚላቸውም ያው ቁልቁለት ነው። በ2020/21 ክረምት በአሜሪካ 37 ሰዎች በናዳ ሞተዋል፤ 12ቱ በዚህ ግዛት። ከሟቾቹ መካከል ቢከን ያሰሩ ነበሩ። በረዶ ሳያፍነው በፊት ዛፍና ድንጋይ የሚሰብረውን ሰው የትኛውም መሣሪያ አያድነውም። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በክረምት በየቀኑ የአደጋውን ደረጃ ከ1 እስከ 5 ያወጣል፤ ማንበቡ ነፃ ነው።

የተረፈው ገንዘብ የሚሄደው እንግዲህ ለትምህርቱ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ የናዳ ኮርስ ሦስት ቀን ያህል ይወስዳል፤ ቁልቁለትን መለካት፣ በረዶን ማንበብ፣ «ዛሬ አንወጣም» ማለትን ያስተምራል፤ ፍለጋውንም ያለማምዳል። ቢከን፣ ዘንግና አካፋ ለጥቂት ቀን የሚያከራዩ ሱቆች ስላሉ ሳይገዙም መማር ይቻላል። ወላጆች፣ ልጃችሁን ብቻውን አትላኩት፤ አብሮት ከሚወጣው ጓደኛው ጋር ይመዝገብ። ገንዘቡ ለመሣሪያውም ለኮርሱም የማይበቃ ከሆነ ዘንድሮ ኮርሱ ይቅደም፤ ተራራው ለከርሞ ይቆይ።