ምጣድ እንኳን ይሰማል

እናንተ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ማንቡክን ታውቋታላችሁ? መተከል ውስጥ፣ ከግልገል በለስ ወደ ጉባ (አዎ፣ ሕዳሴ ግድብ ወዳለበት) ስትሄዱ የምታገኟት የዳንጉር ወረዳ ከተማ ናት፡፡ እዚያ «የቤት ማሞቂያ» ብትሉ ይሳቅባችኋል፡፡ ቆላ ነዋ!

እማዬ ዕድሜዋን የኖረችው እዚያ ነው፡፡ አምና ኅዳር ላይ እህቴን ልታርስ ሚኒሶታ ሄደች፡፡ (ለመውለድ ኅዳርን የመረጠችው እህቴ ትጠየቅበት!)

እህቴ ቤት ማሞቂያውን የሚጠብቀው በአፍ የሚታዘዝ መሣሪያ ነው፡፡ ቤቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሲጠየቅ ይናገራል፣ ጨምር ሲባል ይጨምራል፡፡ እንግሊዝኛ ለሚችል ማለቴ ነው፡፡ ባልና ሚስቱ ልጅ ሳይወልዱ ሁለቱም ሥራ ስለሚውሉ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሙቀቱ እንዲወርድ፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ መልሶ እንዲወጣ አድርገውት ነበር፡፡ ባዶ ቤት ማሞቅ ገንዘብ ማቃጠል ነውና ክፋት የለውም፡፡ ከመውለዷ ጋር ተያይዞ ያን ትእዛዝ አጥፍተውት፣ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ስትገባ ደግሞ በልማድ መለሱት፡፡ ቤቱ ግን አሁን ባዶ አይደለም፡፡

እማዬ ሦስት ቀን ሙሉ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ጋቢ በጋቢ ደርባ ዋለች፡፡ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስተካከያ «እንዳይበላሽ አትንኪው» ተብላለች፡፡ ስለዚህ መሣሪያውን ለመነችው፡፡ «እባክህ የኔ ልጅ፣ ሕፃን ይዣለሁ» አለችው፡፡ በእንግሊዝኛ መለሰላት፡፡

ስደውልላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እኛ ቤት ምጣድ እንኳን ይሰማል!» ጎመን ዘር በትና «ሰምቷል» ሳትል ሊጥ የማታፈስ ሴት ናት እኮ፡፡

ለእህቴ ነገርኳት፤ መሣሪያውን ስትጠይቀው «62» አላት፡፡ በፋራናይት ነው፤ በእኛ ቆጠራ ወደ 17 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቀዝቃዛ አገር ውስጥ ያለ ቤት ከ18 ባይወርድ ይሻላል ይላል፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ ይችላል፡፡

እኔን ያናደደኝ ቁጥሩ አይደለም፡፡ መሣሪያው ሦስቱንም ቀን ቁጥሩን ያውቀው ነበር፤ ጠያቂ እየጠበቀ ነው ዝም ያለው፡፡ መጠየቅ የሚችሉት ሥራ ላይ ናቸው፣ የበረዳት ደግሞ አፉን አታውቅም፡፡ ታዲያ የሚጠብቀው ማንን ነው? «አማርኛ ለማሽን ይከብዳል» እንዳትሉኝ፤ ጉግል በድምፅ መጻፊያው ላይ አማርኛን የጨመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ (የጎረቤቶቻችን ጉሙዝኛ ነገር ደግሞ ለሌላ ቀን ይቆየን፡፡)

ውጭ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እናት ስታስመጡ ትኬትና ቪዛ ብቻ አታስቡ፡፡ ቤት ውላ የምትከርመው እሷ ከሆነች፣ ማሞቂያውን በእጇ መጨመርና መቀነስ መቻል አለባት፡፡ ይበላሻል ብላችሁ አትከልክሏት፤ ቢበዛ አንድ ቀን ይሞቃችኋል፡፡

እህቴ የቀኑን ትእዛዝ ሰረዘችው፡፡ ሙቀቱ ከ68 ሲወርድ ስልኳ ላይ መልእክት እንዲመጣ አደረገች፡፡ የግድግዳውን መጨመሪያ ቁልፍ ደግሞ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችው፡፡

በሳምንቱ ስደውል ስልኩን ያነሳችው እሷ ነበረች፡፡ «ና ውሰዳት፣ ቤቱን ማንቡክ አድርጋዋለች» አለችኝ፡፡